የኋላው ሞዞ ፍሬናችሁ ነው

ልጆቼ፣ ለንደን ውስጥ ያገለገለ ፊክስድ ብስክሌት የሚገዛው ወጣት በዝቷል። ምርጫችሁን አልነቅፍም። ፊክስድ ቀላል ነው፣ የሚበላሽ ነገሩ ጥቂት ነው፣ ኪስም አይጎዳም። ግን በቀለሙና በጎማው ተማርካችሁ ገንዘብ አትቁጠሩ። መጀመሪያ ጎንበስ በሉና የኋላውን ሞዞ፣ ማለትም የጎማውን እምብርት፣ እዩ። የሌላ ብስክሌት ሞዞ ቢላላ መንገድ ያስተጓጉላችኋል እንጂ ብዙ አይጎዳም። በፊክስድ ግን ፔዳሉና ጎማው አብረው ስለሚዞሩ ፍጥነት የምትቀንሱት በእግራችሁ እየገታችሁ ነው፤ ያ ኃይል ሁሉ በካቴናው አልፎ የሚያርፈው ሞዞው ላይ በተጠመዘዘችው ጥርስ ላይ ነው። የብሪታንያ የ1983 የብስክሌት ደንብም የሚያየው እንዲሁ ነው። ሁለት ፍሬን ይጠይቅና የፊክስዱን የኋላ ጎማ እንደ አንዱ ይቆጥርላችኋል፤ የፊቱ ግን የግድ መኖር አለበት።

“ፍሬን ያበላሸዋል፣ ባዶውን ነው የሚያምረው” የሚላችሁ ጓደኛ አይጠፋም። ለዚያ ጓደኛ ደቡብ ለንደን ያለውን የሄርን ሂል መወዳደሪያ አሳዩት። በ1891 የተከፈተ ነው፤ የ1948ቱ ኦሊምፒክ የትራክ ውድድርም እዚያ ተካሂዷል። እዚያ ሁሉም የሚጋልበው ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ ቀይ መብራት የለም፣ ድንገት በሩን የሚከፍት ታክሲም የለም። ያለ ፍሬን መጋለብ የሚያምረው እዚያ ነው።

ወደ ሞዞው እንመለስ። ትክክለኛ የትራክ ሞዞ ጥርሷ በምትገባበት በኩል ሁለት ደረጃ ያለው ጥምዝ አለው። የውስጠኛው ሰፊ ነው፤ ጥርሷ ወደ ቀኝ እየዞረች ትጠብቅበታለች። ውጪ በኩል ያለው ጠበብ ይላል፤ የመቆለፊያዋ ቀለበት የምትጠብቅበት ደግሞ ወደ ግራ ስትዞር ነው። ወደ ፊት ስትረግጡ ጥርሷን ታጠብቋታላችሁ፣ ስትገቱ ልትፈታ ትሞክራለች። በዚህ ጊዜ ቀለበቷን ገፍታ ይበልጥ ታጠብቃታለች እንጂ መውጫ አታገኝም። ሻጩ ግን ሞዞውን ከተራ ብስክሌት አምጥቶት ሊሆን ይችላል። ለፍሪዊል፣ ማለትም ፔዳሉ ቢቆምም ጎማው እንዲዞር ለሚያደርግ ጥርስ፣ የተሠራ ሞዞ ጥምዙ አንድ ብቻ ነው፤ ጥርሷም ቀለበቷም የሚጠብቁት ወደ አንድ አቅጣጫ ነው፣ አጥብቃችሁ ስትገቱም ተያይዘው ይፈታሉ። ደረጃውን በዓይናችሁ ካላያችሁ አትግዙ። በሙጫ አጣብቄዋለሁ ቢላችሁም አትስሙት።

ቤት ካደረሳችሁት በኋላ ፔዳሉን ስትገቱ “ቀጭ” የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ጆሮ ዳባ ልበስ አትበሉ። የፊቱን ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ግድግዳ ላይ አስደግፉና ፔዳሉን ወደ ፊት ወደ ኋላ ወዝውዙት። ትንሽ ክፍተት ከካቴናው መላላት ሊመጣ ይችላል። ጥርሷ መላላቷን ለመለየት በጥፍር ቀለም ከቀለበቷ ጀምራችሁ በጥርሷ ላይ አልፋችሁ እስከ ሞዞው አካል የሚደርስ አንድ ቀጭን መስመር አስምሩ። ሲደርቅ መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ በፊቱ ፍሬን እየተማመናችሁ ጥቂት ጊዜ ግቱት፤ ከዚያ ወርዳችሁ መስመሩን እዩ። መስመሩ ከተቆራረጠ ጥርሷ እየተንሸራተተች ነው።

ለመፍታት ቀለበቷን ወደ ቀኝ፣ ጥርሷን ወደ ግራ አዙሩ። ብዙ ሞዞ የሚሞተው ይህን በማገላበጥ ነው። ለቀለበቷ መንጠቆ ያለው የራሷ ቁልፍ አላት፤ በመዶሻና በካቻቢቴ አትደብድቧት። ጥምዙን በብሩሽ አጽዱ፣ ግራሶ ቀቡት፣ ከዚያ ጥርሷን በእጃችሁ ብቻ አስገቧት። ጥሩ ጥምዝ እስከ መጨረሻው በጣት ይገባል። ቀለበቷ ስትገባ የምትወዛወዝ ከሆነም ተጠንቀቁ፦ የተለመደው የቀለበት መጠን 1.29 ኢንች ነው፣ የካምፓኞሎ ኩባንያው ግን 1.32 ነው። ሰፊዋ ጠባቡ ላይ ያለ ችግር የገባች ትመስልና ስትጠብቅ ጥምዙን ልጣ ትወስደዋለች። ሁሉም ልክ ከሆነ አጥብቁ፣ ሳትገቱ ዳገት ውጡበት፤ ጥርሷ ጥግ ድረስ ስለምትገባ ስትመለሱ ቀለበቷን እንደገና አጥብቋት።

ድምፁ ከሌላ ቦታም ሊመጣ ይችላልና በሞዞው ላይ ቶሎ አትፍረዱ። የፊቱ 48 ጥርስ፣ የኋላው 16 ከሆነ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሦስት ጊዜ ይዞራል። ድምፁ በፔዳሉ ዙር አንዴ ብቻ ከመጣ ከፊት ነው፣ ሦስቴ ከመጣ ከኋላ ነው። ካቴናው በአንድ ቦታ የሚወጠር፣ በሌላው የሚላላ ከሆነ የፊቱ ጥርስ መሀሉን ስቷል። በተወጠረበት ቦታ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲንቀሳቀስ አድርጋችሁ አስተካክሉ፤ ከዚያ በላይ የተወጠረ ካቴና ኩሽኔታ ይበላል።

ይህን ስትሠሩ ልብ በሉ፦ ፔዳሉ እየዞረ ካቴናውን በጨርቅ አትጥረጉ። ፊክስድ ጣት ከያዘ አይቆምም፣ ጥርሱ ላይ ይዞት ይሄዳል። እየጠረጋችሁ ማዞር ካስፈለገ በእጃችሁ ትንሽ አዙሩ፣ አቁሙ፣ ጥረጉ።

ቸርኬውን ይዛችሁ ወደ ጎን ስትገፉት የሚነቃነቅ ከሆነ ነገሩ የኩሽኔታው ነው። ጎማውን አውጡና ፔርኖውን በሁለት ጣት አዙሩት፤ አሸዋ እንደገባበት ከተንገራገጨ ክፈቱት። በድሮዎቹ ሞዞዎች በአብዛኛው በየጎኑ ሩብ ኢንች የሆኑ ዘጠኝ ኳሶች አሉ። ርካሽ ናቸውና አንዱን ሳይሆን ሁሉንም ቀይሩ። የሚያጠብቃቸው ሾጣጣ ብረት ከተቦረቦረ እሱም ይቀየራል። ጎድጓዳው የሞዞው አካል ራሱ ከተቦረቦረ ግን ሌላ ሞዞ ፈልጉ። የታሸገ ኩሽኔታ ከሆነ በሽፋኑ ላይ ቁጥር አለው፤ 6001 ካለ 6001 ግዙ፣ ያው ነው።

ሲገጠም፣ የትራክ ሞዞ ስፋቱ 120 ሚሊ ሜትር ነው። ቴላዮው ከተራ ብስክሌት የመጣ ከሆነ 126 ወይም 130 ሊሆን ስለሚችል ክፍተቱን በሮንዴላ ሙሉት፤ አሉሚኒየም ቴላዮን በዳዶ ጨምቃችሁ ለማጥበብ አትሞክሩ። ዳዶዎቹንም በ15 ቁጥር ቁልፍ በደንብ አጥብቁ። ዳገት ላይ ጎማው የቴላዮውን ግራ ጎን ከነካ ካቴናው የቀኙን ጫፍ ወደ ፊት ስቦታል ማለት ነው።

ጥምዙ የተላጠ ሞዞ ከገጠማችሁ ግን አታመንቱ፤ መድኃኒት የለውም። ለሌላ ልጅም አትሽጡት፤ ለቁራጭ ብረት ሰብሳቢ ስጡት።