የተገኘው ሁሉ በሽታ ነውን?

ጉበቱ በጠባሳ የተወረረ፣ ማለትም ሲሮሲስ የያዘው ሰው ሆዱ ውኃ ሲቋጥር ውኃው ራሱ ሊያመረቅዝ ይችላል። አንጀት ሳይበሳ፣ ቁስልም ሳይኖር፣ የአንጀት ባክቴሪያ ሾልኮ እዚያ ይደርሳል። ሐኪም ውኃውን በመርፌ ቀድቶ ያስመረምራል፤ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር 250 ወይም ከዚያ በላይ ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሴል ከተቆጠረ የካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አብቅሎ የመለየት ምርመራ፣ ውጤት ሳይጠበቅ መድኃኒት ይጀመራል፤ መዘግየት ሕይወት ያስከፍላልና። ቁጥሩ ሰውነት መዋጋት መጀመሩን ይነግረናል። ከማን ጋር እንደሚዋጋ ግን አይነግረንም።

ያንን እንዲነግረን የምንጠብቀው ካልቸር ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። በአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ አይበልጥም። ስለዚህ ነው አዋቂ ሐኪም ውኃውን በባዶ ብልቃጥ ወደ ላብራቶሪ ከመላክ ይልቅ እዚያው አልጋው አጠገብ 10 ሚሊ ሊትር ያህሉን በደም ካልቸር ጠርሙስ ውስጥ የሚጨምረው። እንዲያም ተደርጎ ብዙው ናሙና ምንም ሳይበቅልበት ይቀራል። ታዲያ «አልበቀለም» ማለት «የለም» ማለት ነውን? አይደለም። ባክቴሪያው እጅግ ጥቂት ሊሆን ይችላል፤ በሽተኛው ቀድሞ አንቲባዮቲክ ወስዶ ይሆናል፤ ያቀረብንለትም ምግብ አይስማማው ይሆናል። አለመብቀሉ ስለ ጠርሙሱም የሚናገረው ነገር አለው።

የዘረመል ንባብ የመጣው በዚህ ክፍተት ነው። 16ኤስ የሚባለው ዘረመል በባክቴሪያ ሁሉ ውስጥ ይገኛል፤ ወደ 1500 ፊደላት አሉት። ከፊሉ በሁሉም ዘንድ አንድ ዓይነት ነው፤ ከፊሉ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ካርል ዎስ እና ጆርጅ ፎክስ በ1977 እ.ኤ.አ. የሕያዋንን ዝምድና እንደገና ያደራጁት ከዚህ ዘረመል የሚቀዳውን ሞለኪውል አነጻጽረው ነው። መሣሪያው ባክቴሪያው እስኪበቅል አይጠብቅም። በሕይወት እንዲኖርም እንኳ አይጠይቅም። ብርታቱም ድካሙም ከዚሁ ይመነጫል።

በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የስፔን ጥናት እዚህ ላይ ቆም ብለን እንድናስብ ያደርገናል። በሆድ ውኃቸው ካልቸር ምንም ያልበቀለባቸው፣ የኢንፌክሽን ምልክትም ያልነበራቸው 28 የሲሮሲስ ሕሙማን ተመረመሩ፤ በ9ኙ ደምና የሆድ ውኃ ውስጥ የባክቴሪያ ዲኤንኤ ተገኘ። እነዚህ ሰዎች ታመዋል ልንል ነው? «ሕመሙ ተደብቆ ነው» የሚል ይኖራል፤ ክርክሩም የሚናቅ አይደለም፤ የባክቴሪያ ስብርባሪም ቢሆን የሰውነትን መከላከያ ሊቀሰቅስ ይችላልና። እኔ ግን ሦስት ነገሮች እየተደባለቁ ይመስለኛል፦ ባክቴሪያው ነበረ፤ ባክቴሪያው አለ፤ ባክቴሪያው እየጎዳ ነው። ዲኤንኤ በእርግጠኝነት የሚመሰክረው ለመጀመሪያው ብቻ ነው። ዱካው ጅቡ ማለፉን እንጂ አሁን በረት ውስጥ መኖሩን አያሳይም። በአገራችን ጤና ተቋማት የለመድነው ጂን ኤክስፐርትም ይህንኑ አስተምሮናል፤ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ መድኃኒቱን ጨርሶም የሞተው ባክቴሪያ ዲኤንኤ ሊታይ ስለሚችል መዳኑ በዚያ ምርመራ አይለካም።

ዱካውም ቢሆን ከሌላ ቦታ የመጣ ሊሆን ይችላል። የምርመራው ኬሚካሎች ራሳቸው የባክቴሪያ ዲኤንኤ ይዘው ይመጣሉ። በአክታ ወይም በሰገራ ይህ ላያስጨንቅ ይችላል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር አንድ ባክቴሪያ በሚፈለግበት ውኃ ግን ብክለቱ እውነተኛውን ሊውጠው ይችላል። ስለዚህ ምንም ናሙና የሌለበት ባዶ ቱቦ ጎን ለጎን ያልተነበበለትን ውጤት አላምንም።

ታዲያ ንባቡ ከንቱ ነው? በፍጹም። ኒውትሮፊሉ ከ250 አልፎ፣ ካልቸሩ ዝም ብሎ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ ሴፍትሪያክሶን የተባለው የተጀመረለት አንቲባዮቲክ ቁጥሩን ማውረድ ሲያቅተው፣ የባክቴሪያው ስም የመድኃኒቱን ምርጫ ሊቀይር ይችላል። ያኔ ውጤቱ በአንድ ቀን መድረሱ ትልቅ ነገር ነው። እዚህም ገደብ አለው፤ 16ኤስ ስሙን እንጂ የትኛው መድኃኒት እንደማይበግረው አይናገርም። ያንን በንባብ ለማወቅ ብዙውን ጊዜ በናሙናው ያለው ዲኤንኤ ሁሉ መነበብ አለበት፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከሚነበበው አብዛኛው የበሽተኛው የራሱ ዲኤንኤ ነው። ውጊያው በበረታ ቁጥር ነጭ የደም ሴሎቹ ይበዛሉ፤ የሰውየው ፊደላትም የባክቴሪያውን ይበልጥ ይሸፍናሉ። ንባቡ እጅግ በሚያስፈልግበት ሰዓት ነው እጅግ የሚከብደው።

ኒውትሮፊሉ ከ250 በታች ለሆነ፣ ትኩሳትም የሆድ ሕመምም ለሌለው፣ አእምሮውም ላልተዛባ ሰው የዘረመል ንባብ «ኢ. ኮላይ አለ» ቢለኝ፣ በዚያ ብቻ አንቲባዮቲክ ይጀመርለት አልልም። ውኃው እንደገና ይቀዳ፤ ሴሉም እንደገና ይቆጠር እላለሁ።