በሁለት ወገን መካከል የቆመ ሰው፦ ስለ ጭነት ድለላ የኅሊና ጥያቄ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መንገደኛ ሐሙሲትን አልፎ፣ የጉማራን ወንዝ ተሻግሮ ወረታ ሲደርስ መንገዱ ለሁለት ይከፈልበታል። አንደኛው ቀጥ ብሎ ወደ ጎንደር ያመራል፤ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ታጥፎ በደብረ ታቦርና በጋሸና በኩል ወልድያ ይገባል። በከተማይቱ ዙሪያ የተንጣለለው የፎገራ ሜዳ በክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚበቅልበት፣ በበጋም በመስኖ ሽንኩርት የሚመረትበት ለም ምድር ነው። ምርት ካለ ጭነት አለ፤ ጭነት ካለ መኪና አለ፤ ጭነትና መኪና በሚፈላለጉበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ደላላ አለ።

ደላላ የሚለው ስም በብዙዎቻችን ጆሮ ደስ አይልም። ስሙ ሲነሣ አታላይ የሚታሰበን ጥቂቶች አይደለንም። ይሁን እንጂ አንድን ሙያ በጅምላ መኰነን ቀላል የመሆኑን ያህል ፍትሐዊ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ጠበብ ያለ ነው። በባለ ጭነቱና በባለ መኪናው መካከል የቆመ ሰው ስለ ድካሙ ምን ሊወስድ ይገባዋል? የሚወስደውንስ ከሁለቱ መሰወር ይፈቀድለታልን?

የደላላው ድካም ዋጋ አለው

የደራ ወረዳ ዋና ከተማ አንበሳሜ ከዋናው አስፋልት ወጣ ብላ የምትገኝ ናት። በአካባቢዋ ሩዝ ወይም ሽንኩርት የሰበሰበ ነጋዴ አይሱዙ ሲያስፈልገው መንገድ ዳር ቆሞ ቢጠብቅ ቀኑ ይመሽበታል። ሽንኩርት ደግሞ ቀጠሮ አያከብርም፤ በሙቀት ተከምሮ ከሰነበተ ይበሰብሳል። በሌላ በኩል ከአዲስ አበባ ሸቀጥ ጭኖ መጥቶ ጎንደር ያራገፈ ሾፌር የመልስ ጭነት ካላገኘ ከ600 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን መንገድ ባዶውን ይመለሳል። የነዳጁ፣ የጎማው፣ የአልጋውና የምግቡ ወጪ ግን መኪናው ባዶ ነው ተብሎ አይቀርለትም።

እነዚህን ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች የሚያገናኛቸው ደላላው ነው። የማን መኪና የት እንደ ቆመ፣ የማን ጭነት ለመነሣት እንደ ደረሰ፣ የትኛው ነጋዴ በጊዜው እንደሚከፍል ያውቃል። አንዳንድ ጊዜም ነጋዴው ለማያውቀው ሾፌር ዋስ ሆኖ የገዛ ስሙን ያስይዛል። ይህ ሥራ ነው፤ ሥራ የሠራ ሰው ደግሞ ከድካሙ ሊበላ ይገባዋል። የአገራችን ሕግም ቢሆን ሙያውን ከጥንት ያውቀዋል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንግድ ደላላን ሰዎችን ለውል የሚያገናኝ ራሱን የቻለ ባለሙያ አድርጎ ደንግጎት ነበር።

ከዚህ ላይ ዕድሜ የጠገቡ ሾፌሮች የሚያስታውሱትን ማንሣት ተገቢ ነው። በደርግ ዘመን የጭነት መኪኖች በየቀጠናው ተመድበው፣ ጭነት በተራና በተወሰነ ተመን ይደለደልላቸው ነበር። ሾፌሩ ደላላ አያስፈልገውም ነበር፤ ምርጫም አልነበረውም። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ገበያው ሲከፈት ምርጫውን አገኘ፤ ጭነቱን ግን ራሱ መፈለግ ግድ ሆነበት። ደላላው የገባው በዚህ ክፍተት ነው። እንግዲህ ድለላን ማጥፋት መፍትሔ ነው ብሎ መናገር የሾፌሩንም የነጋዴውንም ችግር አለማወቅ ይሆናል።

በአንጻሩም በደላላው በኩል ከነጋዴው ጋር ተዋውቆ፣ ጭነቱን ካገኘ በኋላ ቃል የገባውን ኮሚሽን ሳይሰጥ የሚሰወር ሾፌር አለ። እርሱም የሰው ድካም በልቷል። ፍትሕ ለአንድ ወገን ብቻ የተሰጠች አይደለችምና።

«ተስማምተህ አይደለም?»

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለምሳሌ ያህል እንዲህ እንበል። አንድ ነጋዴ 50 ኩንታል ሽንኩርት ከወረታ አዲስ አበባ ለማድረስ በኩንታል 400 ብር ሊከፍል ከደላላው ጋር ይነጋገራል። ደላላውም ሾፌሩን ጠርቶ፣ «ጭነቱ በኩንታል 320 ብር ነው፤ ከዚያ ላይ የእኔን ኮሚሽን ታስብልኛለህ» ይለዋል። ሾፌሩ ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ቆሟልና ይስማማል። በዚህ አኳኋን ደላላው በግልጽ ከተቀበለው ኮሚሽን ሌላ በኩንታል 80 ብር፣ በድምሩ 4,000 ብር በስውር ወሰደ። ሾፌሩ በኋላ ከነጋዴው ጋር ሲጨዋወት ነገሩን ይደርስበታል። «ወንድሜ፣ ይህ እንዴት ይሆናል?» ብሎ ሲጠይቅም፣ «ተስማምተህ አይደለም የጫንኸው? የራስህን ተቀብለሃል፤ የሌላው ኪስ ምን አገባህ?» የሚል መልስ ይሰጠዋል።

ይህን መልስ በችኰላ ልንንቀው አይገባም። ነጋዴው በተስማማበት ዋጋ ጭነቱ ደርሶለታል፤ ሾፌሩም የተስማማበትን ገንዘብ ተቀብሏል። ታዲያ የተበደለው ማን ነው?

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው መቶ ዓመት በዚህ የሚመስል ጥያቄ ላይ ተመራምሯል። አንድ ነጋዴ እህል ይዞ ረኀብ ወደ ገባበት አገር ይደርሳል። ሌሎች ነጋዴዎች ብዙ እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን እርሱ ያውቃል፤ ገዢዎቹ ግን አያውቁም። ይህን ሳይነግራቸው በወቅቱ ዋጋ ቢሸጥላቸው በደለ ይባላልን? ቶማስ ሲመልስ፣ ነጋዴው ይህን የመናገር የፍትሕ ግዴታ ያለበት አይመስልም፤ ቢናገር ወይም ዋጋውን ቢቀንስ ግን በጎነቱ ይበልጣል ይላል። ይህን የሰማ ደላላ፣ «እንግዲያውስ ዝምታዬ አያስጠይቀኝም» ብሎ ሊጽናና ይችላል።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። የእህሉ ነጋዴ የሸጠው የራሱን እህል ነው፤ ገዢዎቹም ለራሱ ጥቅም እንደ ቆመ ያውቃሉ። ደላላው ግን የራሱ ጭነት የለውም፤ የራሱ መኪናም የለውም። ሁለቱም ወደ እርሱ የመጡት የሌላውን ቃል እንዲያደርስላቸው ነው። ነጋዴው፣ «400 እከፍላለሁ» ያለው ለሾፌሩ እንዲነገርለት ነው። ደላላው «ጭነቱ 320 ነው» ሲል ዝም አላለም፤ የነጋዴውን ቃል ለውጦ ተናገረ። በአደራ የተቀበለውን ቃል ሸርፎ አስረከበ። የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሌላ ሰው ሆኖ የሚሠራ ወኪል ለወከለው ሰው ፍጹም ታማኝ እንዲሆን ያዛል። ደላላ በሕግ ቋንቋ ወኪል አይባል ይሆናል፤ በኅሊና ፊት ግን የተሸከመው አደራ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ስምምነቱስ? ሰው ሊስማማ የሚችለው ባወቀው ነገር ነው። ሾፌሩ በ320 ብር ለመጫን ተስማምቷል፤ 80 ብሩ እንዲወሰድበት ግን አልተስማማም፤ መኖሩን አላወቀምና። ደግሞም ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሌዎ 13ኛ እ.ኤ.አ. በ1891 «ሬሩም ኖቫሩም» በተባለው መልእክታቸው ስለ ሠራተኛ ደመወዝ ሲያስተምሩ፣ ችግር ያስገደደው ሰው ስለ ተስማማ ብቻ ውሉ ፍትሐዊ እንደማይሆን፣ ከሰዎች ስምምነት በላይ የተፈጥሮ ፍትሕ እንዳለ አስረድተዋል። ሦስት ቀን የቆመ፣ ረዳቱ ምሳ የሚጠብቀው፣ የቤት ኪራይ የደረሰበት ሾፌር «እሺ» ሲል፣ ያ «እሺ» ከልቡ ይሁን ከችግሩ መለየት አስቸጋሪ ነው።

ጥያቄው የእኛ አገር ብቻ አይደለም። ብዙ ወገኖቻችን በጭነት መኪና ሾፌርነት በሚተዳደሩባት አሜሪካ፣ የፌዴራሉ ደንብ ደላላው የእያንዳንዱን ጭነት መዝገብ እንዲይዝ፣ በውሉ የተሳተፈ ወገንም ያንን መዝገብ የመመልከት መብት እንዲኖረው ይደነግጋል። ይሁንና ብዙ ደላሎች በሚያስፈርሙት ውል ውስጥ ሾፌሩ ይህን መብቱን እንደ ተወ የሚገልጽ አንቀጽ ይጨምራሉ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020 የጭነት ዋጋ ባሽቆለቆለ ጊዜ ሾፌሮች መኪኖቻቸውን በዋሽንግተን ጎዳና ላይ አቁመው አቤት ካሉባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። በዚያም መልሱ ያው፣ «ፈርመሃል» የሚል ነው። መዝገብና ሕግ ባለበት አገር እንኳ ስምምነት ለስውርነት መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ከዋጋው የሚበልጥ ምስጢር

የተሰወረ ዋጋ ገንዘብ ያሳጣል። የተሰወረ መንገድ ግን ሕይወት ያሳጣል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህም በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዶች በየጊዜው ተዘግተዋል፤ የታገቱ፣ ሕይወታቸውንም ያጡ ሾፌሮች አሉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የመንገዱን ወሬ አስቀድሞ የሚሰማው ከየከተማው ስልክ የሚደወልለት ደላላ ነው። «መንገዱ ደኅና ነው፤ ትናንትም መኪና አልፏል» የሚለው ቃሉ ለሾፌሩ ከኮሚሽኑ ሁሉ የከበደ ነው። ጭነቱ እንዳያመልጠው ሲል የሰማውን ክፉ ወሬ የደበቀ ሰው ሾፌሩን፣ «በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» እንደ ተባለው በሬ አድርጎታል። ልዩነቱ ገደሉን ያላየው በሬው ብቻ መሆኑ ነው፤ ነጂው አይቶታል።

ስለ ዋጋ መዋሸትን የለመደ አንደበት ስለ መንገድ እውነቱን ለመናገር ይቸገራል። ስለዚህ የ80 ብሩን ነገር ትንሽ ነው ብለን ልናልፈው አንችልም።

የሁላችንም ድርሻ

ጥፋቱን ሁሉ ደላላው ላይ ጭኖ መሄድ ግን ሌላ አድልዎ ይሆናል። «እኔ የማውቀው ደላላውን ነው» ብሎ ሾፌሩ ምን እንደ ደረሰው ለመጠየቅ የማይሻ ነጋዴ ከነገሩ ንጹሕ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት «ላቦሬም ኤክሰርቼንስ» በተባለው መልእክት፣ ከሠራተኛው ጋር ውል ባይዋዋሉም የሥራውን ሁኔታ የሚወስኑ ወገኖች ኃላፊነት እንዳለባቸው ማስተማራቸው ለዚህ ይጠቅመናል። ከደላላው ጋር ተመካክሮ የጭነቱን እውነተኛ ዋጋ ከመኪናው ባለቤት የሚሰውር ሾፌርም፣ ትናንት ያማረረበትን በደል ዛሬ በሌላው ላይ ይፈጽማል። ከሁሉ በስተጀርባ ደግሞ በዚህ ንግግር ውስጥ ድምፅ የሌለው ገበሬ አለ። ነጋዴው ለማጓጓዣ የተጨመረበትን ወጪ የሚያካክሰው ብዙ ጊዜ ከሽንኩርቱ መግዣ ዋጋ ላይ ቀንሶ ነው።

ታዲያ ደላላ የሆነ ምእመን ቀን ከሠራ በኋላ ማታ ኅሊናውን በምን ይመርምር? አንድ ቀላል መለኪያ አለ። ነጋዴውና ሾፌሩ አንድ ላይ በተቀመጡበት፣ «እኔ ከዚህ ጭነት ይህን ያህል ወስጃለሁ» ብሎ ሊናገር ይችላልን? ሊናገረው ከቻለ ገንዘቡ ከፍ ቢል እንኳ ዋጋው ነው፤ ሾፌሩ በዝቶብኛል ካለ ይከራከረዋል፤ ወይም ሌላ ደላላ ይፈልጋል። ሊናገረው ካፈረ ግን ያ ገንዘብ የእርሱ እንዳልሆነ አንደበቱ ሳይሆን እፍረቱ መስክሮበታል።

እስካሁን ለወሰደውስ? በኢያሪኮ የነበረው ዘኬዎስም በሁለት ወገን መካከል ቆሞ ገንዘብ የሚሰበስብ ሰው ነበር። ጌታ ወደ ቤቱ በገባ ጊዜ ንስሐውን በቃል ብቻ አልፈጸመም፤ የበደላቸውን ለመካስ ቃል ገባ። ሾፌሩ የሚታወቅ ከሆነ መመለስ ይቻላል፤ በሚቀጥለው ጭነት ኮሚሽኑን መተው እንኳ አንድ መንገድ ነው።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ስለ ስርቆት ስታስተምሩ ተማሪዎቻችሁ የሌሊት ሌባ ብቻ እንዳይታያቸው ይህን ምሳሌ አንሡላቸው። ከመካከላቸው ነገ ሾፌር፣ ረዳት፣ ነጋዴ ወይም ደላላ የሚሆን አይጠፋም። የመጫኛውን ዋጋ ለሁለቱም ወገን አንድ አድርጎ የሚናገር ደላላ ለጊዜው 4,000 ብር ሊቀርበት ይችላል። ነገር ግን መንገዱ ባስፈራ ጊዜ ሾፌሩ ቀድሞ የሚደውለው ለእርሱ ነው፤ «ጋሼ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?» ብሎ ሲጠይቀውም የሚሰጠውን መልስ ያምነዋል።