ሻፍቱን የሚሸከመው ዘይት ነው

የሚሽከረከር ሻፍት ሁሉ የሚያርፍበት መያዣ ያሻዋል። መያዣው በኳሶች የሚሽከረከር ኩሽኔታ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ሻፍቱ በመካከል ኳስ ሳይኖር በነሐስ ወይም በሌላ ለስላሳ ቅይጥ ላይ እየተንሸራተተ የሚዞርበት፣ በሙያው ሰዎች ዘንድ ቡሽ የሚባለው ይሆናል። ቡሽ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ብዙ ጊዜ ይናቃል፤ እጅ ላይ የተገኘው ዘይት ይፈስበታል፣ ሲጮህ ብቻ ይታወሳል፣ ሲበላም ጥፋቱ በነሐሱ ላይ ይላከካል። ነገር ግን በአግባቡ በሚሠራ ቡሽ ውስጥ ሻፍቱን የሚሸከመው ነሐሱ ሳይሆን ዘይቱ ነውና፣ ማሽን የሚያስተዳድር ሁሉ ለዘይት መረጣና አቀባብ ለመለዋወጫ ግዢ ከሚሰጠው ያላነሰ ትኩረት ሊሰጥ ይገባዋል።

ይህ እውነት በግልጽ የታየው እ.ኤ.አ. በ1883 ነው። ቢውቻምፕ ታወር የተባለው እንግሊዛዊ መሐንዲስ በአንድ መያዣ አናት ላይ የዘይት ማጠጫ ቀዳዳ ቢበሳ፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ወደ ላይ ገንፍሎ ወጣ፤ ቀዳዳውን በውታፍ ቢደፍነውም ውታፉ ተገፍቶ ተነቀለ። በስፍራው የግፊት መለኪያ ሲያስር ደግሞ የዘይቱ ግፊት መያዣው ከተሸከመው አማካይ ጭነት እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኦስቦርን ሬይኖልድስ የነገሩን ምክንያት በሒሳብ አስረዳ፦ ሻፍቱ ሲዞር ዘይቱን እየጎተተ ወደሚጠብበው ክፍተት ያስገባዋል፤ መውጫው የጠበበት ዘይትም ግፊቱ እየጨመረ ሻፍቱን ከመያዣው ላይ ያነሳዋል።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያው ምክር ስለ ዘይት መግቢያ ነው። ጭነቱ በሚያርፍበት ወገን ቀዳዳ የሚበሳ ወይም ቦይ የሚቆፍር ባለሙያ፣ ለዘይት መንገድ የከፈተ እየመሰለው ሻፍቱን ያነሳ የነበረው ግፊት የሚያመልጥበትን በር ይከፍታል። ስለዚህ መግቢያው ጭነት በሌለበት ወገን ሊሆን ይገባል። ይህም ሁልጊዜ ከላይ ማለት አይደለም፤ የማሽኑ ቺንጋ ሻፍቱን ወደ ላይ ወይም ወደ ጎን የሚስብ ከሆነ ጭነቱም ወደዚያው ይዞራልና፣ አሮጌው ቡሽ ሲወጣ በየትኛው ወገን እንደተበላ ሳያዩ አዲሱን መብሳት አይገባም።

ሁለተኛው የዘይቱ ዝልግልግነት፣ ማለትም ፈሳሹ ለመፍሰስ የሚያሳየው እምቢታ ነው። ፈጣንና ቀላል ጭነት ያለበት ሻፍት ቀጭን ዘይት ይበቃዋል፤ ወፍራም ቢሰጠው ዘይቱ ራሱ በሰበቃ ይግላል። ዝግ ያለና ከባድ ጭነት ያለበት ግን ወፍራም ዘይት ይፈልጋል። በኢንዱስትሪ ዘይት በርሜል ላይ የሚታየው 32፣ 46፣ 68 ወይም 150 የሚል ቁጥር በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የተለካውን ዝልግልግነት በሴንቲስቶክስ ያመለክታል፤ የሞተር ዘይት ቁጥር ግን በሌላ መለኪያ የወጣ ነው። 40 ቁጥር የሞተር ዘይት በውፍረቱ ወደ 150 ቁጥር የኢንዱስትሪ ዘይት ስለሚጠጋ፣ ለ46 ቁጥር ምትክ ይሆናል ብሎ መጠቀም ከባድ ስሕተት ነው። በጣት መካከል አሽቶ መገመትም አያዋጣም፤ ጣት የሚዳስሰው የቀዘቀዘውን ዘይት ሲሆን፣ ሥራውን የሚሠራው ቡሽ ውስጥ ገብቶ የጋለው ነው።

የጭነትና የፍጥነት ነገር ጎልቶ የሚታየው በሸንኮራ አገዳ መጭመቂያ ነው። የስኳር ኢንዱስትሪ በኢትዮጵያ በ1946 ዓ.ም. በወንጂ ከተጀመረ ወዲህ በአገሪቱ ፋብሪካዎች የሚታወቀው ይህ ማሽን፣ በደቂቃ ጥቂት ዙር ብቻ በሚዞሩና በሃይድሮሊክ ኃይል በሚጫኑ ግዙፍ ሮለሮች ይሠራል። ፍጥነቱ እጅግ አነስተኛ በመሆኑ ዘይቱ ሻፍቱን ሙሉ በሙሉ ለማንሳት ይቸገራል፤ ብረትና ነሐስ በከፊል ይነካካሉ። ለዚህም እጅግ ወፍራም፣ ከብረቱ ላይ የማይለቅና ብረት ከብረት እንዳይጣበቅ የሚከላከል ቅመም ያለው ዘይት ያስፈልጋል። ከአገዳው የሚረጨው አሲድነት ያለው ጭማቂ ወደ መያዣው ከገባ ዘይቱን ያጥባል፣ ብረቱንም ይበላል፤ ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ የመከለያውን ደኅንነት መጠበቅ ከዘይት መረጣው እኩል ሊታሰብ ይገባል።

ስለ ቅመም ሲነሳ አንድ ማስጠንቀቂያ መታከል አለበት። አንዳንድ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይቶች ለከባድ የጥርስ ጭነት ተብሎ ድኝ የተቀላቀለባቸው ናቸው፤ ይህ ድኝ ሙቀት ሲያገኝ ነሐስን ሊያጠቁርና ሊበላ ይችላል። ወፍራም ስለሆነ ብቻ የካምቢዮ ዘይትን በነሐስ ቡሽ ላይ ማፍሰስ አይገባም፤ ለነሐስ ተስማሚ መሆኑ በአምራቹ መግለጫ ሊረጋገጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊወገዝ የሚገባው ግን ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይትን በቡሽ ላይ የመጠቀም ልማድ ነው። ሻፍቱን የሚያነሳው የዘይት ሽፋን ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮን እስከ ጥቂት አስር ማይክሮን ብቻ ይወፍራል፤ የሰው ፀጉር እንኳ ወደ 70 ማይክሮን ይደርሳል። በተቃጠለ ዘይት ውስጥ ያለው የብረት ብናኝ ከዚህ ሽፋን ሲበልጥ በለስላሳው ነሐስ ውስጥ ተሰክቶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ነሐሱ ራሱ ሻፍቱን የሚፍቅ ሞረድ ይሆናል። አፉ ተከፍቶ በዱቄት ብናኝ መካከል የሚያድር ጀሪካንም ንጹሑን ዘይት ወደዚያው ጥፋት ያደርሰዋል። ተቆጠበ የተባለው የዘይት ዋጋ በሻፍት ዋጋ ይከፈላል።

ግራሶ በሳሙና የረጋ ዘይት ሲሆን፣ ዝግ ብለው ለሚዞሩ፣ ለሚወዛወዙና አቧራ ለሚበዛባቸው ቡሾች ይስማማል፤ ሙቀትን ግን እንደሚፈስ ዘይት ጠራርጎ አይወስድም። በካልሲየም የረጋው ውሃን ይችላል፣ የተለመደው ዓይነቱ ግን ሙቀት አይችልም፤ በሊትየም የረጋው ሙቀትን ይበልጥ ይቋቋማል። የማይስማሙ ዓይነቶች ሲቀላቀሉ ረግቶ የነበረው ይፈታና ይፈስሳል፤ ስለዚህ ዓይነት ሲቀየር አሮጌው ታጥቦ መውጣት አለበት። ግራሶ የሚያስገባ ሠራተኛም ፖምፓውን ከመግጠሙ በፊት የማስገቢያውን አፍ ይጥረግ፤ በአፉ ላይ ያለው አቧራ ከግራሶው ቀድሞ ይገባልና።

ቡሽ ከሁሉ የበለጠ የሚጎዳው ሻፍቱ ገና መዞር ሲጀምር፣ የዘይት ሽፋኑ ሳይፈጠር ነው። ብዙ ቀን ቆሞ የከረመ ማሽን ከመነሳቱ በፊት ዘይት ይሰጠው፣ የሚቻል ከሆነም ሻፍቱ በእጅ ጥቂት ይዙር። የወፍጮ ቤት ባለቤትም ሆነ የፋብሪካ ጥገና ኃላፊ በየቡሹ አጠገብ የዘይቱን ዓይነት፣ ቁጥሩንና የማጠጫውን ጊዜ ጽፎ ይለጥፍ፤ ይህንንም ሥራ ጊዜ ላገኘ ሁሉ ከመተው ይልቅ ስሙ ለታወቀ አንድ ሠራተኛ በኃላፊነት ይስጥ።