የታሰረው ጣት

መዳፋችሁን ጠረጴዛ ላይ አሳርፉ፤ የመሃል ጣታችሁን ወደ ውስጥ አጥፋችሁ የቀለበት ጣታችሁን ብቻ ለማንሳት ሞክሩ። እምቢ አለ አይደል? እኔ ጊታር ስለማመድ የቀኝ እጄ የቀለበት ጣት ሲዘገይ «ስንፍና ነው» ብዬ ክንዴ እስኪዝል ቀጣሁት። ለካ ጣትን የሚያጥፉትና የሚዘረጉት ዋና ጡንቻዎች ክንድ ላይ ናቸው፤ የመሃል፣ የቀለበትና የትንሿ ጣት ጅማቶች ደግሞ እጅ ጀርባ ላይ ተያይዘዋል።

አዲስ ዘመን፣ ከጣራ ገዳም ብዙ ሳይርቅ፣ አንድ ጎረቤታችን ክራር ሲገርፍ ልብ ብዬ አየሁ። ቀኝ እጁ አውታሮቹን ሁሉ ባንዴ ይመታል፤ የግራ ጣቶቹ የማይፈለገውን ያፍናሉ፣ የሚፈለገውን ይለቃሉ። የትኛውም ጣት ብቻውን ዜማ አይሠራም።

ልምምድ ጣትን ያፈጥናል፤ ጅማቱን ግን አይፈታም። ከጎረቤቱ ጋር የተሳሰረን ጣት «ለምን ብቻህን አልቆምክም?» ብሎ መቅጣት ፍትሕ ነው? ሰውንስ?