ለጨዋታ ወይስ ለሥራ?

ሰው አንድ ነገር ሲመርጥ ብዙ ጊዜ ሁለት ምክንያት ይኖረዋል። አንደኛው ለሰው የሚነግረው ነው፤ ሁለተኛው በልቡ የያዘው ነው። ሁለቱ አንድ የሆኑለት ሰው የታደለ ነው። የተለያዩበት ሰው ግን የመረጠው ነገር መልካም ቢሆን እንኳ በመረጠው ነገር ዕረፍት አያገኝም። ይህን ያወቅሁት ከአንድ ኮምፒዩተር ስለ ሆነ፣ ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩን ሳልሸፋፍን ልንገርህ።

በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሁለተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነበርሁ። ታላቅ እኅቴ በዚያን ጊዜ በዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ኮምፒዩተር እንደሚያስፈልገኝ ብነግራት፣ «የሚሆንህን አንተ ምረጥ፤ ዋጋውን ንገረኝና እልክልሃለሁ» አለችኝ። እኔም ወደ ሱቅ ሄጄ ሁለት ዓይነት አየሁ።

አንዱ የዘወትር ላፕቶፕ ነው። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ተኩል እምብዛም አያልፍም፤ ከ45 እስከ 65 ዋት የሚሰጥ ቻርጀር ይበቃዋል፤ መብራት በጠፋ ጊዜም ለመጻፍና ለማንበብ ብዙ ሰዓት ይቆያል። ሁለተኛው ለጌም የተሠራ ነው። ሥዕልን የሚያሰላ፣ የራሱ ሜሞሪ ያለው ግራፊክስ ካርድ አለው፤ የሌላው ገጽ በሴኮንድ 60 ጊዜ ሲታደስ የዚህኛው 120 ጊዜ ይታደሳል። ነገር ግን ወደ ሁለት ኪሎ ተኩል ይመዝናል፤ ቻርጀሩ እንደ ጡብ የከበደ ሆኖ 180 ዋት ይሰጣል፤ ማራገቢያው ይጮኻል፤ በባትሪ ብቻ የተጫወቱበት እንደ ሆነ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍ። ዋጋውም የፊተኛው እጥፍ ያህል ነበር።

ልቤ በሁለተኛው ላይ ወደቀ። ልብ ከወደቀ በኋላ አእምሮ እንደ ተቀጠረ ጠበቃ ሆኖ ምክንያት ይፈልጋል፤ የእኔም አእምሮ ምክንያት አላጣም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ አሌክስ ክሪዝቭስኪ፣ ኢልያ ሱትስኬቨርና ጄፍሪ ሂንተን የተባሉ ተመራማሪዎች ለጌም ተብለው በተሠሩ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች ኮምፒዩተር ሥዕልን ለይቶ እንዲያውቅ አስተምረው በውድድር ብልጫ ማግኘታቸውን አንብቤ ነበር። «እንግዲያስ ይህ መሣሪያ የሊቃውንት መሣሪያ ነው!» አልሁ። ለእኅቴም «ለትምህርቴ የሚሆነው ውድ ነው፤ ርካሹ አይችልም» ብዬ ጻፍሁላት። እርሷም አንድ ቃል ሳትጠይቅ ከጥቂት ወራት በኋላ ገንዘቡን ላከች።

በ2010 ዓ.ም. ለፋሲካ ፈቃድ አግኝታ መጣች። በማግሥቱ ከአጠገቤ ተቀምጣ፣ «እስኪ የምትማርበትን አሳየኝ» አለችኝ። ለመምህሬ የጻፍሁትን አንድ ሪፖርት ከፈትሁላት። የቀረው ገጹን የሞላው ግን ሁሉ የጌም ምልክት ነበር። «ይህስ ምንድን ነው?» አለችኝ። «ጨዋታ ነው፣ እትዬ» አልሁ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እርሷ ግን «አስተምረኛ!» አለች። የመኪና እሽቅድምድም ከፈትሁላት። መኪናውን ከግንብ ጋራ እያላተመች እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ አንድ ሰዓት ያህልም ተጫወተች። በመጨረሻ እጅዋን አንሥታ ዝም አለችና፣ «ለምን ጨዋታ ነው አላልኸኝም?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም። «ገንዘቡን ሳጠራቅም ስታጠና ነበር የምትታየኝ» አለችና ቡና ልታፈላ ተነሣች። ከዚያ ወዲህ ነገሩን አንድ ቀን እንኳ አላነሣችብኝም።

እኔ ግን ብዙ ጊዜ አነሣሁት። ምን በደልኋት? ገንዘቧን አልሰረቅሁም፤ በፈቃዷ ሰጥታኛለች። ትምህርቴንም አልተውሁም። ታዲያ በደሉ ወዴት አለ? በደሉ እዚህ ነው። የሚሰጥ ሰው ገንዘቡን ብቻ አይሰጥም፤ ፈቃዱንም ጨምሮ ይሰጣል። ሰው ደግሞ ለማያውቀው ነገር ፈቃዱን ሰጠ ሊባል አይቻልም። እኅቴ ለአንድ ነገር ፈቀደች፤ እኔ ያንን ፈቃድ ወስጄ ለሌላ ነገር አዋልሁት። እውነቱን ብነግራት ምናልባት ትከለክለኝ ነበር፤ ምናልባትም እንዳየሁት ደስ ብሏት ትሰጠኝ ነበር። ከሁለቱ አንዱን የመምረጥ ሥልጣን የእርሷ ነበረ፤ እኔ ግን በእርሷ ፈንታ መረጥሁ።

በራሴም ላይ የደረሰው ጉዳት ቀላል አልነበረም። ለትምህርት ነው ባልሁት ዕቃ ስጫወት ሌባ መሰልሁ፤ ሳጠና ደግሞ ዕዳ እንዳለበት ሰው ሆንሁ። ጨዋታው ዕረፍት አልሆነኝም፤ ጥናቱም ደስታ አልሆነኝም።

ምናልባት፣ አንባቢዬ ሆይ፣ «ይህ ሰው ጨዋታን ሊያወግዝ ነው» ትል ይሆናል። አይደለም። የግሪኩ ፈላስፋ አሪስቶትል በኒቆማኪያዊ ሥነ ምግባር ዐሥረኛ መጽሐፍ፣ ሰው ያለ ማቋረጥ መሥራት ስለማይችል ዕረፍት እንደሚያሻውና ጨዋታም እንደ ዕረፍት እንደ ሆነ ያስረዳል፤ የሕይወት ፍጻሜ ግን ጨዋታ ሊሆን አይችልም ይላል። አባቶቻችንም ለጨዋታ ቦታና ጊዜ ሰጥተውታል። በገና ጨዋታ ዕለት ታናሹ ታላቁን ቢተርበው ቁጣ የለም፤ ስለ ምን ቢሉ፣ ነገሩ ጨዋታ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና። ከጨዋታ ቁም ነገር የሚወለድበትም ጊዜ አለ። ኬን ቶምፕሰን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1969 ዓ.ም. በፕላኔቶች መካከል መንኰራኵር የሚነዳበት ጌም ጽፎ ነበር፤ ያንን ጌም በአንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ለማስኬድ የደከመው ድካም ዩኒክስ ለተባለው ሥርዓት መነሻ ሆኖታል።

እንግዲህ የተናገርሁት ምክንያት በራሱ ሐሰት አልነበረም። ለጌም የተሠራው ካርድ ለዕውቀት መዋሉ እውነት ነው። ሐሰቱ ያ ምክንያት የእኔ ነው ማለቴ ነው። አንድ ምክንያት እውነት ሆኖ ሳለ ያንተ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ይህ ዓይነቱ ሐሰት ከሌላው ይልቅ የሚያስፈራው፣ ማንም ሰው ተከራክሮ ሊረታው ስለማይችል ነው። ቃሉ እውነት፣ ተናጋሪው ግን ሐሰተኛ ነው።

ታዲያ ሰው ራሱን እንዴት ይመርምር? እኔ ያገኘሁት መፈተኛ አንድ ነው፦ ምክንያቱ ቢወድቅ ምርጫህ አብሮ ይወድቃልን? አንድ መምህር ጠርቶኝ፣ «በዚህ ዓመት ለምትሠራው ሥራ ሁሉ የዘወትሩ ላፕቶፕ ይበቃሃል» ቢለኝ ኖሮ የጌሙን እተው ነበርን? አልተውም ነበር፤ ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር። እንግዲያው ትምህርት ምክንያቴ አልነበረም፤ ልብሱ ነበረ እንጂ። ምሰሶው ሲነቀል ቤቱ ካልተናጋ፣ ያ ምሰሶ ቤቱን አልተሸከመም ማለት ነው።

ይህ መፈተኛ የሚፈርደው ግን በጌም ኮምፒዩተር ላይ ብቻ እንዳይመስልህ። የሕንፃ ንድፍ የሚማር አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ሥራው ቤትን በሦስት አቅጣጫ ስሎ ብርሃንና ጥላውን ማሳየት ስለ ነበረ ግራፊክስ ካርድ በእውነት ያስፈልገው ነበር። ነገር ግን በካርቶኑ ላይ «ጌም» የሚለውን ቃል አባቱ ቢያዩ ቀልደኛ እንዳይሉት ፈርቶ የዘወትሩን ገዛ። ከዚያ በኋላ አንዲት ሥዕል ለማውጣት ሌሊቱን ሙሉ ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ያድር ነበር፤ መብራት የጠፋ እንደ ሆነም ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። እኔ በማይገባኝ ስም አጌጥሁ፤ እርሱ ከሚገባው ስም ሸሸ። ሁለታችንም የመረጥነው ለሰው ዓይን ነው፤ ዋጋውን ግን የከፈልነው እኛና የእኛ ሰዎች ነን።

ስለዚህ ወደ ሱቅ ከመሄድህ አስቀድመህ ያለፈውን ወርህን ቁጠር። ልትሆን የምትመኘው ሰው ሳይሆን አንተ ራስህ በወሩ ስንት ሰዓት ጻፍህ፣ ስንት ሰዓት ተጫወትህ፣ ስንት ቀንስ ዕቃህን በትከሻህ ተሸክመህ ሄድህ? ለጽሑፍ፣ ለንባብና ለተለመደው የፕሮግራም ትምህርት የዘወትሩ ይበቃል። ለከባድ ሥዕል፣ ለፊልም ቅንብርና ለትልልቅ ጌም ሌላው ያስፈልጋል። ይህን ካወቅህ በኋላ ገንዘቡ የሌላ ሰው እንደ ሆነ፣ ያወቅኸውን ሁሉ ለዚያ ሰው ንገረው። ብትከለከል የምታጣው ዕቃ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት ታናሽ ወንድሜ በተራው ወደ እኔ መጥቶ ኮምፒዩተር እንድገዛለት ጠየቀኝ። «ለምንህ ነው?» አልሁት። መጀመሪያ «ለትምህርቴ» አለ። ዝም ብዬ ባየው ጊዜ ሳቀና፣ «ለሁለቱም ነው፤ ልቤ ያለው ግን ጨዋታው ላይ ነው» አለኝ። አቅፌ ሳምሁት፤ እርሱ ግን ለምን እንደ ሳምሁት አልገባውም። ያለኝን ገንዘብ ጠረጴዛ ላይ ቆጥሬ አሳየሁት፤ ያጠራቀማትን ጥቂት ብር እርሱም አመጣ። ለጌም ለተሠራው እንደማይበቃ በዓይኑ አየ። የዘወትሩን ልንገዛ፣ ሌላውን እርሱ ሥራ ሲይዝ በራሱ ደመወዝ ሊገዛ ተስማማን። ቅዳሜ ቅዳሜ በዚያችው ላፕቶፕ የምትችለውን ትንሽ ጌም በሩን ሳይዘጋ ይጫወታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይጠራኛል።