ድካም ሁሉ አንድ ነውን?

ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ ሸለቆ የሚወርደውን መንገድ በእግሩ የተጓዘ ሰው፥ ስለ አካል እንቅስቃሴ ጥቅም የሚሰጠው ምክር ለመርሐቤቴ ሕዝብ ምን ይጨምርለታል ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከተማይቱ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ባለ ደጋ ላይ ተቀምጣለች፤ ጀማና ወንጭት ግን ከታች በገደል መካከል ይፈስሳሉ። ገበሬው አህያውን ጭኖ ገበያ ሲወጣ፥ ሴቲቱ ከምንጭ ስትመለስ፥ ሕፃኑ ተማሪ ቤት ሲሄድ፥ ሁሉም ዳገትና ቁልቁለት ነው። እንዲህ ላለው ሰው ተንቀሳቀስ ማለት ለዓሣ ዋኝ እንደ ማለት ሊመስል ይችላል።

አኃዙም ይህንኑ የሚደግፍ ይመስላል። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 በመላ አገሪቱ ባካሄደው ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆኑት መካከል በቂ እንቅስቃሴ የማያደርጉት ከመቶ 6 ያህል ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 እንደ ገለጠው ግን፥ በ2022 ከዓለም ዐዋቂዎች ከመቶ 31 የሚሆኑት በቂ እንቅስቃሴ አላደረጉም። ለዐዋቂ ሰው በቂ የሚባለው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ብንመዘን ከብዙ ባለጸጎች አገሮች እንበልጣለን። ልንኮራ ይገባናልን?

ከመኩራታችን በፊት በሚዛኑ ላይ ምን እንደ ተቀመጠ እንመልከት። እንዲህ ባሉት ጥናቶች ጠያቂው ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፤ ይኸውም በሥራ ላይ፥ በመንገድ ላይና በትርፍ ጊዜ የሚደረገውን እንቅስቃሴ ነው። የእርሻውም የቤቱም ሥራ፥ ውሃ መቅዳትም ሳይቀር፥ በሥራ ሥር ይገባል። በመጨረሻ ሦስቱ ይደመራሉ። ስለዚህ 20 ሊትር ውሃ ማለትም 20 ኪሎ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ እናትና፥ ማለዳ ተነሥቶ ለጤናው ሜዳ የሚዞር የመሥሪያ ቤት ሰው በአንድ ዓምድ ሥር ይጻፋሉ። ቈጣሪው ሐሰት አልተናገረም፤ የሁለቱም ልብ ይመታል፥ የሁለቱም ላብ ይፈስሳል። ዳሩ ግን አንዱ በቃኝ ሲል ይቆማል፥ ሌላዋ ቤት ሳትደርስ ልትቆም አትችልም።

አካልም ይህን ልዩነት ሳያውቅ አይቀርም። በዴንማርክ አገር ከ100 ሺህ በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት፥ በትርፍ ጊዜያቸው የሚንቀሳቀሱ ሰዎች ከልብ በሽታና ከሞት አደጋ ይበልጥ የተጠበቁ ሲሆኑ፥ በሥራቸው ላይ እጅግ የሚደክሙት ግን አደጋው እንደ ጨመረባቸው አመልክቷል። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል፤ ድህነት ነው የሚሉ አሉ፥ ዕረፍት የሌለው ረጅም ሸክም የደም ግፊትን ከፍ አድርጎ ስለሚያቆይ ነው የሚሉም አሉ። ዴንማርክ መርሐቤቴ አይደለችም፤ ቢሆንም ነገሩ ሊያሳስበን ይገባል። ድካምን ሁሉ ጤና ብለን ስንጠራ የሌላውን ሸክም ለራሱ የሚጠቅመው አስመስለን ልንተወው እንችላለንና።

እርግጥ ሥራ ክቡር ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ሰው ሥራ በጻፉት መልእክት፥ ሥራ ለሰው እንጂ ሰው ለሥራ እንዳልሆነ አስተምረዋል። እኛ ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ግማሽ እንሰብካለን፥ የኋለኛውን እንዘነጋለን። ስለ ሳምራዊቷ ሴት ስናስተምርም እንስራዋን ትታ መሄዷን እናደንቃለን፤ ከዚያ በፊት ግን ዳግመኛ ለመቅዳት ወደዚያ እንዳትመጣ መለመኗን እንደ ዋዛ እናልፈዋለን። የውሃ መንገድ የሰለቻት ሴት ልመና መሆኑን የመርሐቤቴ እናቶች ያለ ተርጓሚ ይረዱታል።

አባቶቻችን በነጻ ፈቃድ የሚደረገውን ድካም አላጡትም ነበር። በሸዋ ደጋ የገና ዕለት ጎረምሳው ቆልማማ ዱላውን ይዞ ሩሯን ሲያሳድድ ይውላል፤ በዚያች ቀን ጌታ በሎሌው አይቆጣም። እንዲህ ያለው ሰው ማታ ደክሞት ይገባል፥ ግን ደስ ብሎት ይገባል። በሸዋ ጃቶ የተወለደው አበበ ቢቂላም እ.ኤ.አ. በ1960 ሮማን በባዶ እግሩ ሲሮጥባት ዓለም ያየው አካል ምን ያህል ሊከብር እንደሚችል ነው። ሯጮቻችንን የወለደው ችግርና የእግር መንገድ ነው ሲባል ግን እንጠነቀቃለን፤ በዚያው መንገድ ጉልበታቸው ያለቀው አይቈጠሩምና። ደግሞም ገናው በአብዛኛው የወንዶች ነበር። ሴቶች ለበዓሉ ውሃ ይቀዳሉ፥ ጠላ ይጠምቃሉ፥ እንጀራ ይጋግራሉ።

በከተማ ያለነው ደግሞ በሌላ በኩል እንሳሳታለን። መቀመጥን የክብር ምልክት አድርገነዋል፤ በእግር የሚሄድ ሰው ገንዘብ ያጣ ይመስለናል። እ.ኤ.አ. ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በአዲስ አበባ አንዳንድ ጎዳናዎች በተወሰኑ እሑዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛና ለልጆች ጨዋታ መከፈታቸው መልካም ነበር። ነገር ግን ለአንዱ እግሩን ስናስለምደው ለሌላዋ ጀርባዋን ማሳረፍ እንዳለብን አንርሳ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የሰዎች ለሰዎች ድርጅት ወደ መርሐቤቴ በመጣ ጊዜ ምንጭ ማጎልበትና ጉድጓድ መቆፈር ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። ቅርብ ውሃ ያገኘች ሴት በጥናቱ ሚዛን እንቅስቃሴዋ ይቀንስ ይሆናል፤ ለዚህ የሚያዝን ማን ነው?

የሰንበት ትእዛዝ ወንድ ልጅንና ሴት ልጅን፥ አገልጋይንና እንግዳን፥ ከብትንም ሳይቀር ያሳርፋል። በቤታችን በሰንበት በሬው ከቀንበር ይፈታል፤ ጀሪካኑ ግን አይፈታም። ከቅዳሴ በኋላ ስለ ዕረፍት እያስተማርን የምንጠጣው ቡና እንኳ ውሃው በዚያው ማለዳ የተቀዳ ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በሚቀጥለው እሑድ ትምህርቱን ከመጀመራቸው በፊት ልጆቹን አንድ ጥያቄ ይጠይቁልን፤ ዛሬ ጠዋት በቤታችሁ ውሃ የቀዳው ማን ነው? ወንዶች ልጆች እጃቸውን ያነሡ እንደ ሆነ ይቈጠሩልን።