የባሻ ደብተር

የመድኃኔዓለም ጽዋ ተራው የኮሎኔሉ ነበር። ዳቦው ተቆርሶ፣ ጠላው ዞሮ፣ ካህኑ አሳርገው ከሄዱ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት የቅርብ ዘመዶችና ሦስት ወጣት ሐኪሞች ነበሩ። ከሦስቱ አንዱ የኮሎኔሉ የእህት ልጅ ነው። መቶ አለቃ ነው፤ ባይደዋ ከነበረበት ግዳጅ ከተመለሰ ገና ወር አልሞላውም። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፦ የአሸዋ ከረጢት የተደረደረበት የሕክምና ክፍል፣ የመረብ ኳስ ግጥሚያ፣ በኮንቴይነር ጥላ ሥር የተፈላ ቡና፣ ጀንበር ስትጠልቅ። አክስቶቹ "እሰይ፣ እንኳን በሰላም መለሰህ!" እያሉ እያገላበጡ ይስሙታል።

ኮሎኔሉ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ዕድሜያቸው 73 ነው፤ ከ30 ዓመት በላይ በጦሩ ውስጥ በሐኪምነት አገልግለዋል። አይተው ሲጨርሱ፣ "ዝናቡ ሲገባ ምን ዓይነት ትኩሳት በዛባችሁ?" ብለው ጠየቁት።

"ወባም ነበር መሰለኝ… ሪፖርቱ ላይ አለ፣ ጋሼ።"

"ከተረኝነት ስትወጣስ፣ ማታ ማታ ምን ትሠራ ነበር?"

"ምንም። አርፋለሁ፣ ስልክ አያለሁ፣ እተኛለሁ።"

ከዚያ በኋላ ኮሎኔሉ የተናገሩት ሁሉ የዚያች "ምንም" የምትል ቃል ጦስ ነው።

የዘመቻ ሐኪም ኑሮ ለሩቅ ሰው ሁልጊዜ ደምና ጩኸት ይመስለዋል። እዚያው የኖረበት ግን ከሁሉም ይልቅ የሚያስታውሰው ጥበቃውን ነው። ጠዋት የታመመ ወታደር ይሰለፋል፤ የእግር ፈንገስ፣ ተቅማጥ፣ የወገብ ሕመም፣ እንቅልፍ ማጣት። ቀጥሎ የውሃው ክሎሪን ይለካል፣ ወጥ ቤቱና መጸዳጃው ይጎበኛል። ከዚያ ፀሐይ ይከራል፤ ሐኪሙም መቼ እንደሚመጣ የማያውቀውን ቁስለኛ ይጠብቃል። በተባበሩት መንግሥታት የሰላም ማስከበር ሥርዓት የተጎዳ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ የመጀመሪያ እርዳታ፣ በ1 ሰዓት ውስጥ ከፍ ያለ ሕይወት አድን ሕክምና፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ደግሞ ቀዶ ሕክምና እንዲያገኝ ይጠበቃል። ያ ሰዓት መቁጠር ከጀመረ ሐኪሙ ለሌላ ነገር ጊዜ የለውም። ካልጀመረ ግን፣ በተለይ ከራት በኋላ፣ ጀነሬተሩ እያጉረመረመ፣ ወታደሩ ዘብ ወጥቶ፣ ረጅም ሰዓት አለ። ኮሎኔሉ የሚቆረቆሩት ለዚያ ሰዓት ነው።

ማረፍ ኃጢአት ነው አላሉም። እንቅልፍ ያጣ ሐኪም እጁ እንደሚከዳው ከማንም በላይ ያውቃሉ። ለእናት መደወልን የሚያስታውሳችሁ ሳይኖር አድርጉት አሉ፤ ጫትና ካርታን አንድ ጊዜ ጠርተው አለፏቸው፤ ከዘበኞቹ ጋር ሻይ የማይጠጣ ሐኪም የወታደሩን ሆድ አያውቅም አሉ። እነዚህ ሁሉ በአፍታ ያለቁ ናቸው። የሚያንገበግባቸው ሌላ ነው። ዓመት ሙሉ ግዳጅ ላይ ከርሞ ሺህ ፎቶ ይዞ የሚመለስ ሐኪም አንድ ገጽ ጽሑፍ ይዞ አይመለስም። በየቤቱ እንኳን ደህና መጣህ ለማለት ሲሄዱ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፤ የሚሰሙት መልስም ያው አንድ ነው፦ "ሪፖርቱ ላይ አለ።"

"እስቲ ንገሩኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ብሎ። "የ1928ቱን የሕክምና ታሪካችንን ማን ነው የጻፈው?"

ማንም አልመለሰም።

ኢጣሊያ በወረረን ጊዜ የስዊድን፣ የእንግሊዝ፣ የኖርዌይና የሆላንድ የሕክምና ቡድኖች ወደ ጦር ግንባር ወጥተው ነበር። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የስዊድኑ ቡድን መልካ ዲዳ ላይ የቀይ መስቀል ምልክቱ እየታየ በአውሮፕላን ተደበደበ፤ መሪው ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰለ። የእንግሊዙ ቡድን ደግሞ በየካቲት ወር ኮረም አጠገብ የዚያው ዓይነት ዕጣ ደረሰበት። የዚህ ቡድን መሪ ዶክተር ጆን ሜሊ አዲስ አበባ በምትዘረፍበት ሰሞን ቁስለኛ ለማንሳት ወጥቶ ተመትቶ ሞተ። ከሜሊ ጋር የዘመተው ዶክተር ማክፊ በየዕለቱ ይጽፍ ነበር፤ ማስታወሻውም ጦርነቱ ባበቃበት በዚያው ዓመት መጽሐፍ ሆኖ ታተመ። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ተወካይ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ማርሴል ጁኖም ያየውን ከዓመታት በኋላ በመጽሐፍ አወጣ። ዛሬ አንድ ኢትዮጵያዊ የሕክምና ተማሪ የመርዝ ጋዝ የወገኖቹን ቆዳ እንዴት እንደላጠው፣ ዓይናቸውን እንዴት እንዳጠፋ ከሐኪም አፍ ልስማ ቢል የሚከፍተው እነዚህን ነው።

በእነዚያ ድንኳኖች ውስጥ ኢትዮጵያውያን አልነበሩም? ነበሩ እንጂ። ፋሻ ያጠቡ፣ ቃሬዛ የተሸከሙ፣ የቁስለኛውን ቋንቋ ለፈረንጁ ያስተረጎሙ ነበሩ። ኮሎኔሉ ከእነሱ አንዱ በእጁ የጻፈውን ደብተር ሲፈልጉ ኖረዋል። እስከ ዛሬ አላገኙም። ይህን ሲናገሩ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ላይ አንስተው መልሰው ጣሉት፤ ዘመዶቹ ይህ ምልክት ምን ማለት እንደሆነ ስለሚያውቁ ጸጥ አሉ።

ፈረንጅ ጊዜ ስለተረፈው ጻፈ የሚል ካለ ይሳሳታል። የእንግሊዝ ጦር ሐኪም የነበረው ሮናልድ ሮስ ሕንድ ውስጥ ሴኩንደራባድ ተመድቦ ሳለ ትንኝ እየሰነጠቀ የሚመለከተው በዚያ ሙቀት ማራገቢያ አስቁሞ ነበር፤ ነፋሱ ትንኞቹን ስለሚበትንበት። የማይክሮስኮፑ ብሎኖች ከላቡ የተነሳ ዝገው ነበር። ኦገስት 20 ቀን 1897 እ.ኤ.አ. የወባ ተህዋሲን በትንኝ ሆድ ውስጥ አገኘው፤ ቀኑን፣ የትንኟን ዓይነት፣ ያየውን ሁሉ ጻፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ ፈረንሳዊው ወታደር ሐኪም ላቬራን በ1880 እ.ኤ.አ. አልጄሪያ ውስጥ ኮንስታንቲን በሚባል ከተማ የአንድ ታማሚ ወታደር ደም ሲመረምር ተህዋሲውን ከነሕይወቱ አየ። ያየውንም ጽፎ ወደ ፓሪስ የሕክምና አካዳሚ ላከ። ሁለቱም ኋላ የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል፤ ኮሎኔሉ ግን ስለ ሽልማቱ ግድ የላቸውም። ሁለቱም የታዘዙ፣ የደከሙ ሰዎች መሆናቸውን ነው የሚነግሯችሁ።

ካናዳዊው ጆን ማክሬ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቤልጅግ ውስጥ በመድፈኛ ብርጌድ ሐኪምነት ሲያገለግል ወዳጁ ተገድሎበት በማግስቱ ግጥም ጻፈ፤ ዛሬም ድረስ በየዓመቱ በሙታን መታሰቢያ ቀን የሚነበብ ግጥም ነው። ከዚህ ይልቅ ኮሎኔሉ የሚወዱት ሌላውን ነገሩን ነው። ማክሬ ቦንፋየር የሚባል ፈረስ ነበረው። ለእህቱ ልጆች ደብዳቤ የሚጽፍላቸው ፈረሱ የጻፈው አስመስሎ ነበር፤ በፊርማ ፋንታም የኮቴ ምልክት ያደርግበታል። ቀን ቁስለኛ ሲሰፋ የዋለ ሰው ማታ ለሕፃናት ደስታ ብዕር ያነሳል። የአጎትነት ነገር ሆኖ ይሆናል፣ ይህን ሲያነሱ ኮሎኔሉ የእህታቸውን ልጅ እያዩ ፈገግ አሉ። የቤቱ አየርም ላላ።

ወደ ባሻ የተሻገሩት በዚያ መላላት ውስጥ ነው።

ኮሎኔሉ በ1970 ዓ.ም.፣ በኦጋዴን ጦርነት ጊዜ፣ ከትምህርት ቤት የወጡ ገና ትኩስ ሐኪም ነበሩ፤ ከሐረር ወደ ባቢሌ በሚወስደው መንገድ በተተከለ የመስክ ሕክምና ጣቢያ ተመደቡ። እዚያ ያገኟቸው ድሬሰር በልጅነታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ የዘመቱ ሰው ናቸው። ሁሉም ባሻ ነው የሚላቸው። ባሻ የማታ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ፋኖሱን ወደ ራሳቸው አስጠግተው፣ ባለ 50 ሉክ ደብተር ያወጣሉ። ደብተሩ ዝናብ እንዳይነካው በባዶ የጉሉኮስ ላስቲክ ተጠቅልሏል። እርሳሳቸው ከማጠሩ የተነሳ በጣትና በጣት መካከል አይታይም። ወጣቱ ሐኪም አንድ ሌሊት፣ "ባሻ፣ አሁን ይህን ማን ያነበዋል? ለምን አይተኙም?" አሏቸው። ባሻም ቀና ሳይሉ፣ "እኔ መጻፌን ነው እንጂ፣ አንባቢውን እሱ ያመጣዋል፣ ዶክተር" አሉ።

ከጦርነቱ በኋላ ባሻ በጡረታ ሲሰናበቱ ደብተሩን ለዶክተሩ ሰጡ። በ1971 ዓ.ም. ታዲያ አንዲት እናት ከጋይንት ተነስተው፣ ሁለት አውቶቡስ ለውጠው፣ ዶክተሩ የሚሠሩበት ድረስ መጡ። የልጃቸው መርዶ ደርሷቸዋል፤ አልቅሰዋል፤ ተስካሩንም አውጥተዋል። አንድ ነገር ብቻ እንቅልፍ ነሳቸው። "ልጄ ሲሞት ውሃ የሰጠው ሰው ነበር?" ነው የሚሉት።

ሪፖርቱ ላይ ያ ልጅ ቁጥር ነበር። ዶክተሩም አላስታወሱትም። ቤታቸው ሄደው ደብተሩን አገላበጡ፤ አገኙት። ጥቅምት 19፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት። የጋይንት ልጅ፣ ሆዱን የተመታ። ውሃ ቢለምንም ሆዱን ስለተመታ ማጠጣት እንዳልተቻለ፣ ባሻ ግን ጥጥ በውሃ እየነከሩ ከንፈሩን ሲያረጥቡለት እንዳደሩ፣ ዶክተሩ እጁን ይዘው አጠገቡ እንደተቀመጡ፣ ሲነጋጋ እንዳረፈ፣ የእናቱን ስም እንደጠራ። በማግስቱ አነበቡላቸው። እናትየዋ ደብተሩን ተቀብለው እንደ ዳዊት ተሳለሙት።

እዚህ ሲደርሱ ኮሎኔሉ ዝም አሉ። ቀጥለው ሲናገሩ ግን ልስላሴው ጠፍቷል። "እጁን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ እኔው ረሳሁት። በአንድ ሌሊት ያን ያህል ሰው ሲመጣ ይረሳል። እናንተም ትረሳላችሁ። ፎቶው የመረብ ኳሱን ያስታውሳችሁ ይሆናል፤ ያን ልጅ ግን አያስታውሳችሁም።"

ከወጣቶቹ መካከል ያለችው ሴት ሐኪም በአክብሮት ግን ሳትፈራ መለሰችላቸው። ወታደራዊ ምስጢር አለ፤ የታማሚም ገመና አለ፤ ደብተር ቢጠፋ ቢማረክ ማን ይጠየቃል? አነጋገሯ እውነት ስለሆነ ኮሎኔሉ አልተቆጡም። የምሽግ ቦታ፣ የሠራዊት ብዛት፣ የጉዞ ቀን በደብተር አይገባም፤ አለቃ ሳያውቀው የሚጻፍም የለም። የታማሚው ደዌ ለሙያው የሚጠቅም ከሆነ ያለ ስም ይጻፋል፤ ስም የሚጻፈው ለእናት የሚደርስ አደራ ሲኖር ነው። ትኩሳቱ በየትኛው ሳምንት እንደበዛ፣ ውሃው ከየት ጉድጓድ እንደተቀዳ፣ የትኛው ፋሻ በሙቀቱ እንደተላቀቀ፣ ቃሬዛ ተሸካሚው ምን ዘዴ እንደፈጠረ ግን የማንም ምስጢር አይደለም። "ደግሞስ ምስጢር ካላችሁ" አሉ፣ "በዚያ ፎቶ ላይ ከኳሱ ጀርባ ምሽጋችሁ ሙሉ በሙሉ ይታያል።" መቶ አለቃው ስልኩን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ወደ ቅዱስ ሉቃስ ዞሩ፤ ይህን ሳያነሱ ይቀራሉ ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ሉቃስ ባለ መድኃኒት ነበር፤ ከጳውሎስ ጋርም በየብስና በባሕር ተንከራቷል። መርከባቸው በማዕበል ተሰባብራ መላጥያ ደሴት የደረሱበትን ጉዞ ሲተርክ በመርከቧ ላይ የነበረውን ሰው 276 ብሎ ቆጥሮ ጽፎታል። የደሴቲቱ ሹም አባት በትኩሳትና በተቅማጥ ታሞ እንደነበር እንኳን አላለፈውም። ኮሎኔሉ እንደሚሉት ከሞት አፋፍ ወጥቶ ሰው የሚቆጥር፣ ሕመሙን ለይቶ የሚጽፍ የሐኪም ዓይን ነው። እሱም ራስ ምታት፣ ድካም፣ የባሕር ብርድ ነበረበት። እሱም "ጳውሎስ ይጻፈው" ሊል ይችል ነበር።

ከሉቃስም ተመልሰው ወደ 1928 ገቡ፤ ያንኑ ጥያቄ ደገሙት፤ ከመጀመሪያውም ይልቅ አመረሩ። የኦጋዴኑን ማን ጻፈው? የባሻን ደብተር የሚያህል ስንት ደብተር በየጎተራው አይጥ በላው? የባይደዋውንስ ከ50 ዓመት በኋላ ልጆቻችን ከማን ያነቡታል?

ሦስተኛው ቡና ቀረበ። ኮሎኔሉ ወደ ጓዳ ገብተው አዲስ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘው ወጡ፤ የስኒውን ረከቦት ገፋ አድርገው በእህታቸው ልጅ ፊት አስቀመጡለት። "አንድ ሌሊት ብቻ" አሉት። "የመረጥከውን።"

መቶ አለቃው እናቱን አየ፤ እሷም ዝም ብላ ቡናዋን ፉት አለች። እስክሪብቶውን አነሳ። ቀኑን ጻፈ። ሰዓቱን ጻፈ። ዝናብ እንደነበረ፣ መብራት እንደጠፋ፣ ሁለት ቁስለኛ በአንድ ጊዜ እንደመጣ ጻፈ። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ እጁ ቆመ። ትንሽ አሰበና ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ ደወለ። ቤቱ በሙሉ ጥሪውን ያዳምጣል።

"ሃሎ፣ እንዴት አመሸህ ወንድሜ?" አለ። "ያን ሌሊት ቃሬዛውን ከፊት የያዘው ልጅ፣ ስሙ ማን ነበር?"